የጣውላ ዳር

አባቴ የአንድ ቤት ወለል ሲያይ መሐሉን አያይም ነበር። ባርኔጣውን አውልቆ፣ የቤቱን ሰዎች ጤና ይስጥልኝ ብሎ ከገባ በኋላ ዓይኑ የሚያርፈው በበሩ መቃን ሥር ነው፤ ከዚያ በደረጃው አፍ ላይ፤ ከዚያ ጣውላው ግድግዳውን በሚጠጋበት ማዕዘን። መሐሉን ማንም ይሠራዋል ባይ ነበር። ጣውላን በሞራሌ ላይ ደርድሮ ምስማር መምታት ጉልበትና ትዕግሥት ላለው ሰው አይከብድም። እንጨቱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ግን አናጺው ያወቀውም ያላወቀውም አብሮ ይታያል። ይህን የሰማሁት ልጅ ሳለሁ ነው። ከዚያ ወዲህ እኔም ብዙ ወለል ሠርቻለሁ፣ አብዛኛውን ከአዲስ አበባ በጣም በራቀ አገር፤ አባቴ ልክ እንደነበረ እያደር ይበልጥ እያመንኩ መጥቻለሁ።

ሥራው በብዛት አራዳና ዙሪያዋ ነበር፤ እሪ በከንቱ፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ሰባራ ባቡር፣ ዶሮ ማነቂያ። የእነዚያ ሰፈሮች ነባር ቤቶች ከድንጋይ መሠረት ላይ ከፍ ብለው የቆሙ፣ ግድግዳቸው ጭቃ፣ ወለላቸው ጣውላ፣ ፊታቸው በረንዳ ነበር። አንዳንዶቹ በእንጨት ደረጃ ፎቅ ያስወጣሉ። ከወለሉ በታች ባዶ ቦታ አለ፤ አየር እንዲዘዋወርበት መሠረቱ ላይ ቀዳዳ ይተውለታል። እኛ ልጆች ያንን ባዶ ቦታ የምናውቀው በብይ ነው፤ በጣውላ ስንጥቅ ሾልካ የገባች ብይ ተመልሳ አትገኝም። በጣም ያረጁት ቤቶች ወለላቸው ጥድ ነበር፣ ምስጥ የማይደፍረው፣ መጋዝ ሲነካው ክፍሉን በመዓዛ የሚሞላ። ሌሎቹ ዝግባ ናቸው፤ ዝግባ ለዓይን የጠራ፣ ለመላጊያ የሚታዘዝ፣ ለምስጥና ለእርጥበት ግን ደካማ ነው። ባህር ዛፍ ርካሽና ጠንካራ ቢሆንም ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። አባቴ ለማገርና ለምሰሶ እንጂ ለወለል አይወድደውም ነበር።

ከሐምሌ 1967 በኋላ የሥራው መልክ ተለወጠ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ከወጣ ወዲህ፣ ለአንድ ቤተሰብ ታስበው የተሠሩ ሰፋፊ ቤቶች ለብዙ ቤተሰብ ተከፋፈሉ። ሳሎኑ በኮምፔንሳቶ ወይም በጭቃ ግድግዳ ለሁለት ይከፈላል፤ መስኮት የነበረው በር ይሆናል፤ በር የነበረው ይደፈናል። ወለሉ ግን እንደ ጥንቱ አንድ ነው። አንዱ ጣውላ ከአንደኛው ጎረቤት አልጋ ሥር ተነስቶ፣ በአዲሱ ግድግዳ ሥር አልፎ፣ ሁለተኛው ጎረቤት ቁም ሳጥን አጠገብ ያልቃል። እዚህ ሲረገጥ እዚያ ሲጢጥ ይላል። የሰው አካሄድ በእንጨት ስለሚተላለፍ ጎረቤት ለጎረቤት ማን እንደገባ፣ ማን አምሽቶ እንደመጣ ያውቃል።

አባቴ ወደነዚህ ቤቶች የሚጠራው ባብዛኛው ለበር ነበር። አዲስ በር በተከፈተበት ቦታ ጣውላው እንደተጋዘ ይቀራል፤ ጫፉ ለእግር ክፍት፣ ዕድሜ ሲጨምር ደግሞ የተሰነጣጠቀ። አንዲት እናት፣ ዶሮ ማነቂያ ውስጥ አንድ ክፍል የደረሳቸው፣ ጠርተውት ስንሄድ አብሬው ነበርኩ።

«ልጄ፣ ይቺ ጣውላ በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ቀሚሴን ትይዘኛለች፤ ነጠላዬንም ጨረሰችው» አሉት።

አባቴ ተንበርክኮ ጫፉን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና «እማማ፣ ጣውላዋ ምንም አላጠፋች። መጨረሻ ሳይሰጧት ነው የተዋት» አላቸው።

መጨረሻ መስጠት የሚለውን አነጋገር ከእሱ ሌላ ከማንም አልሰማሁም። ሥራው ግን እንዲህ ነበር። በር ሲዘጋ የበሩ ሳንቃ የሚቆምበትን መስመር ወለሉ ላይ በእርሳስ ያሰምራል። የሁለቱ ክፍሎች ወለል የሚገናኘው እዚያ መስመር ላይ ነው፣ በሩ ሲዘጋ ከዚህኛው ክፍል የዚያኛው ጣውላ እንዳይታይ። ከዚያ ከወይራ፣ ወይራ ካልተገኘ ከሌላ ጠጣር እንጨት፣ ደፍ ይሠራል። ደፉ በሁለቱም ጎኑ ከሥር ይፈለፈላል፤ የጣውላዎቹ ጫፍ እዚያ ውስጥ ሾልኮ ይገባል፣ ነገር ግን እስከ ጥግ አይደርስም። ደፉን የሚይዘው ብሎን መሐሉን ወርዶ ሞራሌው ላይ ይነክሳል እንጂ ጣውላዎቹን አይነካም። ላዩ በሁለቱም በኩል ተዳፋት ይሰጠዋል፣ እግር ሳይታወቀው እንዲያልፍበት። የአንዱ ክፍል ወለል ከሌላው ከፍ ካለ ልዩነቱን የሚውጠው ይህ ተዳፋት ነው።

የመቃኑ ነገር ደግሞ አለ። መቃን ብዙ ጊዜ ጌጥ ያለው፣ ጎኑ የተቦረቦረና የተጠማዘዘ እንጨት ነው። ጀማሪ አናጺ ያንን ቅርጽ በጣውላው ላይ ሊቀዳ ይሞክራል፤ እየጠረበ፣ እየሞረደ፣ ግማሽ ቀን ይፈጅና በመጨረሻ ክፍተት ይቀርለታል፤ ክፍተቱን በስቱኮ ይሞላዋል። አባቴ ጣውላውን አይነካውም። ከዚያው ወለል ከተረፈ ጣውላ አንድ ቁራጭ ያነሳና መቃኑ አጠገብ ያጋድመዋል፤ መጋዙን በቁራጩ ላይ አስተኝቶ የመቃኑን ግርጌ ይቆርጣል። የተቆረጠው ቁመት ከጣውላው ውፍረት ጋር እኩል ይሆናል፤ ሌላ መለኪያ አያስፈልገውም። ጣውላው በቀጥታ ከመቃኑ ሥር ይገባል። «ከመቃን ጋር አትጣላ፤ በሥሩ እለፍ» ይለኝ ነበር። የተጠናቀቀውን ሲያዩ መቃኑ ከወለሉ የበቀለ ይመስላል።

ስቱኮ በዳር ላይ ሲገባ ደሙ ይፈላ ነበር። ምክንያቱን የተረዳሁት ቆይቼ ነው፤ የእንጨትን ባሕርይ ሳያውቁ መረዳት አይቻልምና። እንጨት በርዝመቱ አይንቀሳቀስም ማለት ይቻላል። የሚሰፋውና የሚጠበው በጎኑ ነው፤ እርጥበት ከአየር ሲጠጣ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። አንድ ጣውላ ለብቻው በክረምት የሚጨምረው ከአንድ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ሊሆን ይችላል፤ አራት ሜትር ስፋት ባለው ክፍል ውስጥ ግን የሁሉም ጭማሪ ተደምሮ ጣት ያህል ይሆናል። ያ ጣት ያህል እንጨት የሚሄድበት ቦታ ካላገኘ መሐሉ ይነሳል፣ ወይም ግድግዳውን ይገፋል። ጭቃ ግድግዳ ሲገፋ ደግሞ ልስኑ ይፈነዳል። ስለዚህ ጣውላው ከግድግዳው ይርቃል፤ በጎኑ በኩል ሰፋ፣ በጫፉ በኩል ጠበብ ያለ ክፍት ይተውለታል። ጫማ ለጣት ቦታ እንደሚተው ማለት ነው። ክፍቱን የሚሸፍነው ዞኮሎ ነው፤ ዞኮሎው የሚመታው ግድግዳው ላይ እንጂ ወለሉ ላይ አይደለም፣ ጣውላው ከሥሩ እንዲመላለስ። በዚህ ክፍት ውስጥ ስቱኮ የጠቀጠቀ ሰው ቦታውን ዘጋ ማለት ነው። ክረምት ሲመጣ እንጨቱ ስቱኮውን ይጨምቀዋል፤ በጋ ሲመጣ ይሸሸዋል፤ በሁለተኛው ዓመት ስቱኮው ፍርፋሪ ሆኖ በመጥረጊያ ይወጣል።

አባቴ ለወሩም ይጠነቀቅ ነበር። በየካቲትና በመጋቢት፣ እንጨቱ አጥንት በሆነበት ጊዜ የሚነጠፍ ወለል ክፍቱ ሰፋ ይደረግለታል፤ የሚመጣው ለውጥ መስፋት ነውና። በሐምሌ የሚነጠፍ ከሆነ ጣውላዎቹን አጥብቆ ያጋጥማል፤ እርጥበቱን የጠጣ እንጨት ከዚያ ወዲያ የሚሄደው ወደ መጥበብ ነው። እኔ የማግዘው በትምህርት ቤት ዕረፍት ስለነበር የማስታውሰው ወለል ሁሉ የክረምት ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እኛ ደግሞ ውስጥ ጣውላ በመዶሻና በእንጨት ቁራጭ እናጣብቃለን።

የጭቃ ግድግዳ ቀጥ ያለ መስመር የለውም። ሆዱ ይወጣል፣ ይገባል። ዞኮሎ ቀጥ ብሎ ሲመታበት አንዱ ቦታ ይነካል፣ ሌላው ቦታ አፉን ይከፍታል። አባቴ ዞኮሎውን ግድግዳው ላይ ያስጠጋና አንዲት ትንሽ የእንጨት ቁራጭ ከእርሳስ ጋር አጣምሮ ይይዛል። ቁራጯ ግድግዳውን እየዳሰሰች ስትሄድ እርሳሷ የግድግዳውን ሆድና ጎድጓዳ በዞኮሎው ላይ ትጽፈዋለች። ያንን መስመር ተከትሎ በመላጊያ ሲያነሳው ዞኮሎው ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። የደረጃ ምሰሶ ላለበት ቦታም እንዲሁ፤ መጀመሪያ ከካርቶን ይቆርጣል፣ ካርቶኑን ምሰሶው ላይ ይሞክራል፣ ያስተካክላል፣ ከዚያ ነው ካርቶኑን ጣውላው ላይ አጋድሞ መጋዝ የሚያነሳው። ካርቶን ቢበላሽ ምንም አይደለም፤ የጥድ ጣውላ ግን ያኔም እንደልብ አይገኝም ነበር።

ደረጃ ከሁሉ ይበልጥ ያስጨንቀው ነበር፤ ልክም ነበር። በር ላይ የተበላሸ ዳር ቀሚስ ይይዛል፤ ደረጃ ላይ የተበላሸ ዳር ሰው ይጥላል። የፎቁ ወለል ወደ ደረጃው ሲደርስ ጣውላዎቹ በጫፋቸው እንዲያልቁ አይፈቅድም። የእንጨት ጫፍ ውሃ ይጠጣል፣ እግር ሲበዛበት ይፈረፈራል። ስለዚህ አንድ ጠንካራ ጣውላ በአግድም፣ የደረጃውን አፍ ተከትሎ ያስኬዳል፤ የሌሎቹ ጫፍ እሱ ላይ ያርፋል። ይህ ጣውላ ከደረጃው ፊት ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ወጣ ይላል፤ አባቴ ከንፈር ይለዋል። ከንፈሩ በመላጊያ፣ በኋላም በብርጭቆ ወረቀት ክብ ይደረጋል፤ ስለታም ማዕዘን ቶሎ ይሸረፋል፣ ከመጠን በላይ ክብ የሆነ ደግሞ እግር ያንሸራትታል። በግድግዳው በኩል እንጨቱ ልቅ ይሁን ያለው ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ይለወጣል፤ ከንፈሩ በኮላም በብሎንም ይታሰራል፣ ቅንጣት አይነቃነቅም። ለእንጨቱ የሚተወው ቦታ ሁሉ በሌላው ጎን እንዲሆን ያደርጋል። ደረጃ ወራጅ ክብደቱን በሙሉ የሚጥለው ከንፈሩ ላይ ስለሆነ ነው።

ፒያሳ ያለውን የእቴጌ ጣይቱን ሆቴል የእንጨት ደረጃ አሳይቶኛል። ያ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ሲጎዳው የመጣብኝ ሐሳብ ስለ ደረጃው ነበር። ልጅ ሆኜ አባቴ ከደረጃው ጋር በእግሬ ሳይሆን በእጄ ነው ያስተዋወቀኝ፤ ጎንበስ በልና የመርገጫውን ዳር ዳስስ አለኝ።

የቤት እመቤቶችን የሚለምናቸው ነገር ነበር። በአውዳመት የሚጎዘጎዘው ቄጠማ እርጥብ ነው፤ ከደፉና ከደረጃው አፍ ትንሽ ራቅ አድርጉት፣ ሲጠወልግ አንሱት ይላቸዋል። ወለሉን በባልዲ ውሃ አታጥቡት፣ ውሃ ሁልጊዜ የሚሄደው ወደ ዳር ነው፣ ከዳር ደግሞ ወደ ጣውላው ጫፍ ይላቸዋል። እነሱም እሺ ይላሉ፤ በዋዜማው ግን ቤቱ ይታጠባል፣ ቄጠማውም ከበሩ ይጀምራል። አልፈርድባቸውም። አውዳመት ነው፣ እንግዳ የሚገባው በደፍ በኩል ነው።

እኔ ወደ አሜሪካ ከሄድኩ በኋላ፣ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ የመጀመሪያ ሥራዬ ከአንድ ወለል ከሚያነጥፍ ቡድን ጋር ነበር። እንጨቱ ቀይ ኦክ ነው፣ ውፍረቱ ሦስት አራተኛ ኢንች፣ ወደ 19 ሚሊ ሜትር የሚሆን፣ በፋብሪካ ወንዴና ሴቴ ወጥቶለት የመጣ። ምስማሩ በማሽን ይመታል። አለቃው ግድግዳው ሥር የጣውላውን ውፍረት ያህል ክፍት እንድተው ሲነግረኝ አባቴን ሰማሁት። መቃንን ከሥር ለመቁረጥ የተሠራ የኤሌክትሪክ መጋዝ ሲሰጠኝ ደግሞ ሳቄ መጣ፣ ደስ ብሎኝ። ቁራጭ ጣውላው ቀርቶ የመጋዙ ቁመት በብሎን ይስተካከላል፤ ሥራው ያው ነው።

በዚያ አገር የክረምትና የበጋ ነገር ግራ ያጋባኛል ብዬ ነበር። ግን ሐምሌ እዚያም ሐምሌ ነው። ቨርጂኒያ በሐምሌ በሙቀት ታፍና አየሩ ውሃ ይሆናል፤ አዲስ አበባ በሐምሌ በዝናብ ትርሳለች። እንጨት በሁለቱም ቦታ በአንድ ወር ያብጣል። በጥር አዲስ አበባ ውስጥ ፀሐይ ታደርቀዋለች፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ የቤት ውስጥ ማሞቂያ። ሰማዩ ምንም ያህል ቢለያይ እንጨቱ የሚያውቀው እርጥበቱን ብቻ ነው።

በአካባቢው ያሉ ብዙ አበሻ ቤተሰቦች ቤት ሲገዙ ቶሎ የሚያነሱት ምንጣፉን ነው። ቡና የሚፈላበት፣ ዕጣን የሚጤስበት፣ በርበሬ የሚገባ የሚወጣበት ቤት ለምንጣፍ አይሆንም። ምንጣፉ ተነስቶ እንጨት ይነጠፋል። አንድ ቤት ተጠርተን ሄድን፤ ከእኛ በፊት ሌሎች ሰዎች የላዩንም የታቹንም ወለል ሠርተው ጨርሰዋል። ወለሉ ያምራል። ችግሩ እናትየው ናቸው፤ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ፎቅ ሲወጡ ላይኛዋ እርከን ላይ እየተደናቀፉ ሁለት ጊዜ በግድግዳ ተርፈዋል። ልጆቻቸው ዓይናቸውን ሊያስመረምሯቸው ቀጠሮ ይዘዋል።

«ዓይኔ ደህና ነው፤ ላይኛዋ ደረጃ ናት የምትጠልፈኝ» አሉኝ።

ሜትሮ አውጥቼ እያንዳንዷን እርከን ለካሁ። እማማ ልክ ነበሩ። ምንጣፉ ከመርገጫዎቹ ሲነሳ ደረጃዎቹ ባዶ እንጨታቸው ቀርቷል፤ የላዩ ወለል ግን 19 ሚሊ ሜትር ጨምሯል። ስለዚህ የመጨረሻዋ እርከን ከሌሎቹ በዚያ ልክ ከፍ ትላለች። ታች ደግሞ አዲሱ ወለል ከፍ ስላለ የመጀመሪያዋ እርከን በዚያው ልክ አጥራለች። ብዙ ግዛቶች የሚከተሉት የመኖሪያ ቤት ግንባታ ደንብ በአንድ ደረጃ ውስጥ በረጅሟና በአጭሯ እርከን መካከል ያለው ልዩነት ከ3/8 ኢንች እንዳይበልጥ ያዛል፤ ይህ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ያንሳል። እዚህ ቤት ልዩነቱ አራት ሳንቲ ሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ሰው ደረጃ ሲወጣ ዓይኑን የሚጠቀመው ለመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት እርከኖች ነው፤ ከዚያ እግር ቁመቱን ይይዝና በራሱ ይሄዳል። እግር የያዘውን ልክ ዳሩ ላይ ሲለውጡበት ይወድቃል። ከእኛ በፊት የሠሩት ሰዎች ወለሉን የለኩት በስፋቱ ነበር፤ በቁመቱ የለካው የለም።

መፍትሔው ከባድ አልነበረም። በእያንዳንዱ መርገጫ ላይ ከወለሉ ጋር እኩል ውፍረት ያለው ኦክ አነጠፍን፣ ለእያንዳንዱም ከንፈር አወጣንለት። ሁሉም በአንድ ልክ ከፍ ሲሉ ልዩነቱ ጠፋ። እናትየው በባዶ እግራቸው ወጥተው ወረዱና ልጆቻቸውን ዞር ብለው አዩአቸው፤ ምንም አላሉም። የዓይን ሐኪሙ ቀጠሮ ግን ተሰረዘ።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ዙሪያ ነባር ሰፈሮች ሲፈርሱ እኔ እዚያ አልነበርኩም። ዶሮ ማነቂያ መፍረሱን የሰማሁት በስልክ ነው። በኋላ አዲስ አበባ ስሄድ መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብቼ የአሮጌ ቤት ጣውላ ፈለግኩ። የገዛሁት የለም፤ ማየት ብቻ ነው የፈለግኩት። ከየትኛው ቤት እንደመጡ ሻጩም አያውቅም። አንዳንዶቹ ግን አንድ ጎናቸው ላይ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ አውራ ጣት የምታህል የነጣች መስመር አላቸው። ሰምና ነጭ ጋዝ ለዓመታት ያጠቆረው ጣውላ እዚያች መስመር ጋ ሲደርስ ያቆማል፤ ዞኮሎ የሸፈነው ቦታ ነው። ከግድግዳው በኩል ያለው ጎኑ ሲታይ አልተጨፈለቀም፣ ግድግዳ ነክቶት አያውቅም። ማን እንደሠራው ባላውቅም ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር። ቤቱ ሲፈርስ የሚያሳዝነኝ ይህ ዕውቀት አብሮ መጫኑ ነው፤ ግድግዳውን ፎቶ ያነሳ ሰው አለ፣ የወለሉን ዳር ያነሳ ግን አላጋጠመኝም።

ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ቤት የሚነጠፈው ላሚኔት ነው። ስለ ላሚኔት ክፉ አልናገርም፤ ለኮንዶሚኒየም ቤት የሚመች፣ በቶሎ የሚያልቅ፣ ዋጋውም የሚቀመስ ነው። ውስጡ ግን የተጨመቀ እንጨት ነውና ያው ይሰፋል፣ ይጠባል፤ ሙሉ ወለሉም እንደ አንድ ሰሌዳ ስለሚንቀሳቀስ ዳሩ ከጣውላ የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ባለፈው ነሐሴ አንድ የልጅነት ጓደኛዬ ደወለልኝ። ሳሎኑና መኝታ ቤቱ በሚገናኙበት በር ላይ ወለሉ ተነስቶ በሩ አልዘጋም ብሏል። ሻጩ መጥፎ ዕቃ ሰጠኝ ብሎ ሊከስ ተዘጋጅቷል። ዞኮሎውን አስነቅለህ ፎቶ ላክልኝ አልኩት። ላሚኔቱ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ቆሟል፣ ወረቀት የሚያስገባ ክፍት የለም። በሩ ላይ ያለው የአሉሚኒየም ማገናኛም በብሎን ሁለቱንም ክፍል ወለል ሰቅዞ ይዟል። የመቃኑ ዙሪያ በሲሊኮን ተሞልቷል።

ከአናጺው ጋር በስልክ አገናኘኝ፤ ወጣት ነው፣ ጨዋ። ግድግዳው ሥር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲቆርጥ፣ የማገናኛውን ብሎን ነቅሎ በመሐሉ ወደ ሲሚንቶው ብቻ እንዲያስረው ነገርኩት። ሲሊኮኑን ካወጣ በኋላ መቃኑን ከሥር ቁረጠው ስለው ግን ፈራ። «ጋሼ፣ መቃኑን ካበላሸሁት ማን ይከፍላል?» አለኝ። የወለሉን ቁራጭ አጋድመህ መጋዙን በላዩ አስተኛው አልኩት፤ በቪዲዮ እያየሁት ቀስ ብሎ ቆረጠ፣ ላሚኔቱም ሰተት ብሎ ገባ። ሁለተኛውን መቃን ሳልነግረው ቆረጠው።